የአባዬ ይግባኝና የመስቀሉ በሬ

የወንድሜ ልጅ ናትናኤል ሕግ ይማራል። ፈተና ሲደርስ ዶርሙ ይጮሃል እያለ ደብተሩን ተሸክሞ ሆሳዕና ወዳለው ቤቴ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ከዶርሙ ጩኸት ይልቅ የሚያመጣው የኔ ወጥ ነው። ይሁን፤ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ሲኖር ደስ ይለኛል። የሚያጠናው ጮክ ብሎ ነው። እኔ ጎመን እቀነጥሳለሁ፣ እሱ አንቀጽ ይቆጥራል። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ እያነበበ ሳለ፣ ይግባኝ ባዩ በምህረት ስለተለቀቀ ይግባኙን መመርመር ውጤት የለውም ተብሎ መዝገቡ የተዘጋበት አንድ ጉዳይ ላይ ደረሰና ቶሎ ብሎ አልፎት ሊሄድ ሲል አቆምኩት።

“ለምን ይዘጋዋል?” አልኩት።

“ተፈታ እኮ አክስቴ። ከዚያ በኋላ ቢፈረድለትስ ምን ይጨመርለታል?” አለኝ ቀና እንኳ ሳይል።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት። ዕድሜ አበረዳት የሚሉኝ ጎረቤቶቼ ያን ቀን ቢያዩኝ ኖሮ ሐሳባቸውን ይቀይሩ ነበር። ግን ልጁ ምን አጠፋ? አያቱን አያውቀውም። ማንም አልነገረውም። ጎመኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ “ደብተርህን ዝጋ፤ አሁን የምነግርህ ፈተና ላይ አይመጣም” አልኩት።

ያደግነው ከቦኖሻ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። አገሩ ሞቃት ነው፤ በቆሎና በርበሬ ያበቅላል። ጥቅምት ሲገባ ግቢው ሁሉ በቀይ በርበሬ ይሸፈንና በነፋስ ቀን መንደሩ በሙሉ ያስነጥሳል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ጉንፋን የገባ ይመስለው ነበር። አባዬ ኤርሱሞ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ቃል የሚያልቅበት የሚመስለው ሰው ነበር። ያን ያህል ዝምተኛ ቢሆንም፣ በመንደሩ ውስጥ ለማንም የማይሰጥ አንድ ሥራ የተሰጠው ለሱ ነው፤ የመስቀልን ሥጋ የሚመድበው እሱ ነበር።

ይህን ሥራ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በእኛ በሐዲያ ለመስቀል፣ በእኛ አጠራር ለያሆዴ፣ ጎረቤታሞች ዓመቱን ሙሉ እያዋጡ አንድ በሬ ይገዛሉ። ማኅበሩ ቱታ ይባላል። በሬው ከታረደ በኋላ አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ ሥጋውን እኩል እኩል ይመድባል። ሥጋ መመደብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጉበቱ፣ ሻኛው፣ ፍሪምባው፣ አጥንት ያለበትና የሌለበት ሁሉ ለሀብታሙም ለድሃውም በአንድ ዓይን መታየት አለበት። ወንድማማቾች በአንድ ጎድን ሲኳረፉ አይቻለሁ። ስለዚህ መዳቢው እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ልቡም የማያዳላ ሰው መሆን አለበት፤ የራሱን ድርሻ የሚያነሳውም ሁሉም ካነሱ በኋላ ነው። ለድካሙ ቆዳው የሱ ይሆናል። በዚህ የተነሳ ቤታችን የጎደለው ነገር ብዙ ቢሆንም ቁርበት ጎድሎት አያውቅም። የኔ መኝታ ሆዱ አጠገብ ነጭ ያለበት ዳማ ቁርበት ነበር። በፊተኛው መስቀል የታረደው በሬ ቆዳ ነው። መንደሩ በሙሉ ያንን በሬ ያውቀዋል፤ ሥጋውን በልቶታል።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ዓመት ነበር። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ አንዲት ዳማ ጊደር ጠፋች። ከአውራጃ ለጉብኝት የመጡ እንግዶች በልተዋታል የሚል ሹክሹክታ ነበር፤ እኔ ያየሁት ነገር ስለሌለ ሹክሹክታውን ሹክሹክታ ብዬ ልተወው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ግን ለበላይ የሚያቀርበው ሌባ አስፈለገው። የቀበሌው ታጣቂዎች ቤት ለቤት ሲፈትሹ መጡና እኔ ከመኝታዬ ገና እንደተነሳሁ ቁርበቴን ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። ኤግዚቢት ነው አሉ። ቃሉን የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የበሬና የጊደር ቆዳ እንዴት ይምታታል ትሉኛላችሁ። አባዬ ዳር ዳሩን ለጠፍር ቆርጦት ስለነበር ቁርበቱ አንሶ ነበር። ቢሆንም የቱታው ሰዎች በሙሉ ያውቁታልና ምንም አልሰጋንም። አባዬ የመከላከያ ምስክር አድርጎ የቆጠረው እነሱን ነው። በተለይ ሸሜቦን፤ ሸሜቦ ማለት ከአባዬ ጋር በአንድ ቀን የተገረዘ፣ አጥራችን የተያያዘ፣ ከመንደር ወጥቶ ሲገባ ከራሱ ቤት በፊት የእኛን ቤት የሚያንኳኳ ጓደኛው ነው።

በወረዳው ፍርድ ቤት ሊቀመንበሩ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ምስክሮቹ አንድ በአንድ ገብተው “አላስታውስም” አሉ። ሸሜቦ ተራው ሲደርስ ቁርበቱን በእጁ ዳሰሰና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ “ቆዳ ቆዳ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ” አለ። አልፈርድበትም ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ልጆች ነበሩት፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ መሬት የሚሰጥም የሚነሳም ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ፊቱ ላይ ብተፋበት ደስ ባለኝ። አባዬ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበትና ወደ ሆሳዕና ወህኒ ቤት ተወሰደ።

ይግባኝ የሚባለው ነገር ያኔ ወደ ቤታችን ገባ። አባዬ እስሩን ከቁም ነገር የቆጠረው አይመስልም ነበር። “ወህኒ ቤት ዝናብ አያፈስም፤ ከእኛ ቤት ይሻላል” ብሎ እማዬን አሳቃት። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ግን ሌባ መባሉ ነበር። የስንቅ ቀን ስንሄድ ከእንጨቱ አጥር ወዲያ ቆሞ ሌላ ነገር አይጠይቀንም፤ ስለ ላሟ አይጠይቅም፣ ስለ በርበሬው አይጠይቅም። “የአውራጃው ዳኛ ፋይሉን አየው?” ብቻ ነው።

ወደ ሆሳዕና የምንሄደው በኤንትሬ የጭነት መኪና፣ በበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። እማዬ ቆጮውን በኮባ ጠቅልላ፣ አይብና ጎመኑን በትንሽ ቅል ይዛ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አስራ ትቀመጣለች። እኔ ቅጠል ለቅጠል የሚነካካውን የእንሰት ጓሮ እያየሁ እሄዳለሁ። ወደ ደጋው ስንወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ አፈሩ እየጠቆረ ይመጣል። ክረምት ላይ መኪናው ጭቃ ሲይዘው ወንዶቹ ወርደው ይገፋሉ፣ እኛ ሴቶቹ ከላይ ሆነን ምክር እንሰጣለን። ዛሬ በሚኒባስ ያንኑ መንገድ ሳልፍ፣ ጭንቀታችን ቀርቶ የሚታወሰኝ ያ ሳቅና በርበሬ የተቀላቀለበት የዝናብ ሽታ ነው። ትዝታ አያፍርም፤ የሚያስለቅሰውን ትቶ የሚያስቀውን ይመርጣል።

ቀጠሮው ግን አያስቅም ነበር። ዳኛው ስብሰባ ሄደዋል፣ መዝገቡ ከወረዳ አልመጣም፣ ዐቃቤ ሕጉ መልስ አልሰጠም እየተባለ በጋው አልፎ ክረምት ገባ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ባለው ዛፍ ሥር ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ እንኳ እኛን ሲያዩ ወንበር መልቀቅ ጀምረው ነበር።

ከዚያ የአብዮት በዓል መጣና ምህረት ተደረገ። ቀላል ወንጀል የተፈረደባቸው እስረኞች ስማቸው ተጠራ፣ የአባዬም ተጠራ። እኔና እማዬ በር ላይ ነበርን። እስረኞቹ እየሮጡ ሲወጡ፣ አንዱ ጫማውን ጥሎ ሲሮጥ፣ አባዬ ግን የለም። ጠበቅን፣ ጠበቅን። በመጨረሻ አንድ ወፍራም የጥበቃ አለቃ ክንዱን ይዞ እየጎተተ አመጣው።

“ምኑን ሰውዬ ነው ያመጣችሁብኝ?” አለን አለቃው እየሳቀም እየተናደደም። “ምህረት አልፈልግም ይላል!”

“ምህረት ለበደለ ሰው ነው” አለ አባዬ። “ይሄ ቸርች ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ እኔ አውቃለሁ። ኃጢአት የሠራ ሰው ምህረት ይጠይቃል። እኔ ጊደር አልሰረቅኩም። ይግባኜ ይታይልኝና ነጻ ነህ ሲሉኝ እወጣለሁ።”

“አባባ፣ ሰው ለመውጣት ያለቅሳል፣ አንተ ላለመውጣት ታለቅሳለህ? በል ሂድ፣ አልጋው ለሌላ ይፈለጋል!” ብሎ በሩን ከኋላው ዘጋበት።

እማዬ አቅፋው ታለቅሳለች፤ እሱ ደግሞ ዞሮ የተዘጋውን በር ያያል። የእኛ አገር ጴንጤ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ቸርቹ ታሽጎ ጸሎቱ በየቤቱ በድብቅ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ከአባዬ ልብ ውስጥ አልታሸገም። ያልሠራውን ኃጢአት ይቅር መባል ለሱ ኃጢአቱን እንደ መቀበል ነው።

የይግባኙ ቀጠሮ ከበዓሉ በኋላ፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነበር። አባዬ ነጭ ጋቢውን አሳጥቦ ለበሰ። እንደ ሠርግ ቀን ነው የሄድነው። የአውራጃው ዳኛ ወጣት ነበሩ፤ መነጽር ያደረጉ፣ ትሑት የሚመስሉ ሰው። መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ቀና ብለው “ይግባኝ ባይ በምህረት ተፈተዋል አይደለም?” አሉ። አስተርጓሚው ወደ ሐዲይኛ መለሰው። አባዬ ራሱን ነቀነቀ።

ዳኛው ለጸሐፊያቸው እያስጻፉ ተናገሩ። “ይግባኝ ባይ በተደረገው ምህረት ከእስር የተለቀቁ በመሆኑ፣ ይግባኙን መመርመር የሚያስገኘው ውጤት የለም። ስለዚህ መዝገቡ ተዘግቷል።”

አባዬ አስተርጓሚውን አልጠበቀም። በተሰባበረ አማርኛው “ጌታዬ፣ ሰረቀ ወይስ አልሰረቀም?” አለ።

“አባባ፣ ተፈተዋል እኮ። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?”

“መፈታትማ ከብትም ይፈታል። እኔ አልሰረቀም የሚል ነው የምፈልገው።”

ሰው ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ “እሱን አሁን ልል አልችልም። ጉዳዩ አልቋል” አሉ። አባዬ ወዲያው አልተቀመጠም። “ቁርበቱስ? ልጄ የምትተኛበት ነው” አለ። ቁርበቱ በወረዳው ፍርድ መሠረት ለማኅበሩ እንዲመለስ ታዟል፤ ፍርዱ ደግሞ አልተሻረም። ስለዚህ የመስቀል በሬያችን ቆዳ የጊደሯ ቆዳ ሆኖ ቀረ።

ስንወጣ አማርኛ የማትሰማው እማዬ እጄን ይዛ በሐዲይኛ ጠየቀችኝ።

“ነጻ ነው አለ?”

“አላለም።”

“ሌባ ነው አለ?”

“እሱንም አላለም።”

“ታዲያ ለምን ጠራን?”

 

ከዚያ መስቀል ደረሰ። ዝናቡ ቆሟል፣ ሜዳው ቢጫ ሆኗል፣ በየቤቱ ቅቤ ይነጠራል፤ ቡላው በቅቤና በወተት ተለውሶ አታካና ይሠራል። የዚያን ሽታ የሚያውቅ ሰው በየትኛውም አገር ቢኖር መስከረም ሲጠባ ሆዱ ይባባል። በእኛ ዘንድ ግን ከመብላቱ በፊት የማይታለፍ ነገር አለ። ተኳርፎ የከረመ ሰው ሳይታረቅ የቱታው በሬ አይታረድም። አንድ ሰው እንኳ ቂም ይዣለሁ ካለ ቢላዋው አይነሳም። ይህ ማለት ደግሞ በዚያ ዓመት የመንደሩ በሬ በአባዬ ቃል ላይ ቆሟል ማለት ነው።

እኔ ይህንን ገና ከሆሳዕና ስንመለስ አስቤበታለሁ። “ይቅር እንዳትላቸው” አልኩት። “ፍርድ ቤቱ ያላለውን እነሱ ይበሉት። በሰው ፊት፣ በልጆቻቸው ፊት፣ አልሰረቀም ይበሉ። ካላሉ በሬው ቆሞ ይክረም።” አባዬ ከላይ እስከ ታች ሲያየኝ ቆየና “አንቺ ዳኛ መሆን ነበረብሽ” አለኝ።

በሬው ትልቁ ዋርካ ሥር ታስሯል። ልጆቹ ሥጋ የሚወስዱበትን ኮባ ይዘው ተኮልኩለዋል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ አንድ ታጣቂም መሣሪያውን አንግቶ ከዳር ቆሟል፤ ሊቀመንበሩ በዓሉን እንዲያስከብር ልኮት ነው አሉ። የቱታው ሰዎች አባዬ ፊት ቆሙ። የተናገረው ሸሜቦ ነው። ታጣቂውን በዓይኑ ጥግ እያየ፣ “ኤርሱሞ፣ ያስቀየምንህ ነገር ካለ ይቅር በለን” አለ።

ካለ! ደሜ ፈላ። ከሴቶቹ መሐል ተነስቼ “ምን ማለት ነው ካለ?” ብዬ ጮህኩ። ያላገባች ልጅ በወንዶች ጉባኤ ስትጮህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው የዚያን ዕለት ሳይሆን አይቀርም፤ እማዬ ቀሚሴን ጎትታ አስቀመጠችኝ። አባዬ በሬውን አየ፣ ታጣቂውን አየ፣ ከዚያ ኮባ የያዙትን ልጆች ለረጅም ጊዜ አየ። የሸሜቦ ትንሹ ልጅ ከፊት ነበር፣ አፍንጫው እየፈሰሰ።

“ልጆቹ ይብሉ” አለ አባዬ። “ይቅር ብያለሁ።”

ሽማግሌዎቹ መረቁ። በሬው ታረደ። ሸሜቦ ቢላዋውን በሁለት እጁ ይዞ ለአባዬ ሲያቀርብለት ግን አባዬ አልተቀበለውም። “ሌላ ሰው ይመድብ። በፍርድ ቤት ሌባ የተባለ ሰው ሥጋ አይመድብም” አለና እጁን ጋቢው ውስጥ አስገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከሚሞት ድረስ ያንን ቢላዋ አልነካም። ይቅር ካለ ወዲህ ነገሩን አላነሳባቸውም፤ ከሸሜቦ ጋርም በአጥር ተነጋግረው፣ ተበዳድረው፣ ተጠያይቀው ኖሩ። ሥጋ በሚመደብበት ሰዓት ግን አባዬ ከዋርካው ርቆ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ያ ጀርባ ነው እኔን የሚያመኝ።

ደርግ ወደቀ፣ ሊቀመንበሩም አገር ለቆ ሄደ። ከዚያም ብዙ ዓመት ቆይቶ አባዬ ሞተ። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን እንዳነብ ቤተሰቡ እኔን መረጠኝ፤ አስተማሪ ነሽ፣ ድምፅሽ ይሰማል ብለው። ሌሊቱን ስጽፍ አደርኩ። ተወለደ፣ አመነ፣ አገባ፣ ልጆች ወለደ። የእስር ቤቱን ዓመት ዘለልኩት። በቀብር ላይ የእስር ወሬ ምን ያደርጋል ብዬ።

በእግርም በፈረስም የመጣው ለቀስተኛ ሜዳውን ሞልቶት ነበር። አንብቤ ልጨርስ ስል ከሕዝቡ መሐል አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን ይዞ ተነሳ። ሸሜቦ ነበር። ዓይኑ ፈዝዟል፣ ጉልበቱም አይታዘዘውም።

“አንድ ነገር ዘለልሽ” አለኝ።



“ኤርሱሞ ታስሯል” አለ ሸሜቦ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። “በሌብነት ታስሯል። አልሰረቀም። ያ ቆዳ የመስቀላችን በሬ ቆዳ ነው። የገፈፍኩት እኔ ነኝ፤ በእነዚህ እጆቼ። ፍርድ ቤት ቆሜ አላውቀውም አልኩ።”

ፈረሶቹ ብቻ ያንኮራፉ ነበር። መቆጣትም ማልቀስም በአንድ ላይ መጡብኝ። ሬሳው አጠገብ ተቀምጣ የነበረችው እማዬ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ቀና አለች።

“ሸሜቦ” አለችው፣ “እንደገና በለው። ኋላ ያሉት አልሰሙም።”

እንደገና አለው። በዚህኛው ጊዜ ጮክ ብሎ።

ናትናኤል ይህን ስነግረው ስልኩን አንዴም አላየም። ስጨርስ፣ “ግን አያቴ አልሰማውም እኮ” አለኝ። አልሰማውም። እሱም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንደ ሕጉ ከሆነ ለሞተ ሰው አልሰረቀም ቢሉት ውጤት የለውም። እኛ ግን ከዚያ ቀብር ስንመለስ መንገዱን እንደ ሌላ ሰው ሄድነው፤ እማዬም ያን ሌሊት እስከ ንጋት ተኛች።

“ፈተናህ ላይ መምህርህ ያስተማሩህን ጻፍ፤ ነጥብ እንዳይቀነስብህ” አልኩት። “ዳኛ የሆንክ ቀን ግን፣ መዝገቡን ከመዝጋትህ በፊት ሰውየውን ቀና ብለህ እየው። ነጭ ጋቢ አሳጥቦ ከመጣ፣ የመጣው ለመፈታት አይደለም።”